ሸክላው ሲቆምም የማይቆመው ጉርምርምታ

ማኖንግ ሰቬሮ ባያን ያንን ጉርምርምታ መጀመሪያ የሰማ ጊዜ ጥፋቱን የጣለው ማጫወቻው ላይ ነበር። ማን ይፈርድበታል፤ ርካሽ ዕቃ ነዋ። ልጁ ማርሊን ከባግዮ ከተማ ገበያ ገዝታ ያመጣችለት፣ እንደ ሻንጣ የሚከደን ቀይ ፕላስቲክ የሸክላ ማጫወቻ ነው። ስፒከሮቹ እዚያው ሆዱ ውስጥ ተወሽቀዋል። ክንዱ በጣት ሲነኩት ይወዛወዛል፤ መርፌው ግን ሸክላው ላይ ሲያርፍ እንደ ማረሻ ይቆፍራል።

"ማኖንግ" የምንለው ታላቅ ወንድም ለማለት ነው እንጂ በሥጋ ምኔም አልነበረም። የሱ ቤትና የኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነበሩ፤ መሃላችን ጠባብ የሲሚንቶ ደረጃ ብቻ። ካምባጉይ እንዲህ ያለች መንደር ናት። ቤቶቹ ገደሉ ላይ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቆመው፣ የታችኛው ሰው ጣሪያ ለላይኛው ሰው በረንዳ ይሆናል። ከሥራችን ደግሞ ኩባንያው ወርቁን አሟጦ ጥሎት የሄደው ዋሻ አለ። ሰቬሮ እዚያ ዋሻ ውስጥ ጢም ሳያበቅል ገብቶ ፀጉሩ ሸብቶ ነው የወጣው። ሲወጣ ግራ ጆሮው ደንቁሮ ነበር። ሚስቱ ፌሊሳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "በቀኙ ግን ጎረቤት ድስት ውስጥ ምን እንዳለ ይሰማል" ትል ነበር።

ከኩባንያው ዘመን የተረፈው አንድ ሳጥን ሸክላ ነው። ስለ ፈረስ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ባቡርና ጥላ ስለሄደች ሴት በጊታር የሚዘፈኑ የአሜሪካ የገጠር ዘፈኖች። እዚህ ተራራ ላይ በባቡር የተሳፈረ ሰው የለም። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ግን ያለ እነሱ አይሆንልንም።

"የታፈነ ሰው ነው የሚመስለው" አለኝ ሰሞኑን ሱቄ በረንዳ ላይ ተቀምጦ። "ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የሚዘፍነው። ከሥር ደግሞ የሆነ ነገር ያጉረመርማል።"

ኮንራዶ እዚያው ቆሞ ነበር። የታችኛው ቤት ጎረቤታችን ነው፤ ጂፕኒ በምንላት ረጅም መኪናው መንገደኛ ያመላልሳል፣ ምላሱ አያርፍም። "ማኖንግ፣ ሆድህ ይሆናላ የሚያጉረመርመው! ፌሊሳ ከሞተች ወዲህ ከስኳር ድንች በቀር መች ቀምሰህ ታውቃለህ?"

"የኔ ሆድ ቢያንስ በዜማ ነው የሚያጉረመርመው። ያንተን ጂፕኒ አያድርገኝ።"

ከዚያ ሰቬሮ ሥራ ያዘ። መጀመሪያ ስፒከሮቹን ነቅሎ አወጣ። "ስፒከሩ ሲንቀጠቀጥ መርፌውን ያንቀጠቅጠዋል፤ መርፌው ያንኑ መልሶ ለስፒከሩ ይነግረዋል። ሁለቱን ማለያየት ነው" አለ። ኮንራዶ እየቀለደም ቢሆን የአሮጌ ካራኦኬ ድምፅ ማጉያውንና ሁለት የእንጨት ስፒከሮች ተሸክሞ አመጣለት። ማጉያው እንደ ንብ ሲጮህበት ሰቬሮ ከሱ ሽቦ አውጥቶ ከማድ ቤቱ ጀርባ መሬት ውስጥ ከቀበረው ብረት ጋር አሰረው፤ ጩኸቱ እልም አለ። መርፌውን በተሻለ ለወጠ። የክንዱ ጭራ ላይ ትንሽ ዳዶ አጣብቆ፣ እየሞከረ እየነቀለ፣ መርፌው ሸክላውን ሳይቧጥጥ ቀለል ብሎ እንዲቀመጥ አደረገ። በመጨረሻም ከተዘጋው የኩባንያው ቢሮ ደጃፍ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሰው አሸክሞ አመጣና ግማሽ አየር በተሞላ የሞተር ብስክሌት የውስጥ ጎማ ላይ አስቀመጠው። ማጫወቻውን ከላይ አድርጎ በውሃ ልክ አስተካከለው።

የዚያን ቀን ዘፋኙ ብርድ ልብሱን ጥሎ ወጣ። ለደንበኛ ሩዝ እየሰፈርኩ ነበር፤ እጄ ላይ ቀረ። ሰውዬው ትንፋሹን ሲስብ፣ ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሳይቀር ይሰማል። ኮንራዶ እንኳ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ፤ ያ ሰው ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጉርምርምታው ግን አልሄደም። ሌላው ሁሉ ሲጠራ ጊዜ እሱም ጠራ።

ሌላም ነገር መጣ። ያስተካከለው ድንጋይ ቀና ብሎ አይቆይም። የውሃ ልኩ አረፋ ወደ ቤቱ ጓዳ በኩል ትሸሻለች፤ ገደሉ ያለበት ጎን ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ካርቶን አጥፎ ይሰነቅርበታል። ጥቂት ቆይቶ ያው ነው። "ጎማው እያስተነፈሰ ነው" አለና ጎማውን ለወጠ። አዲሱም ጎማ ላይ አረፋዋ ወደዚያው ሸሸች።

ዝናቡ ገብቶ ነበር። የኛ ዝናብ ሲገባ እንግዳ አይደለም፤ ቤተኛ ሆኖ ይከርማል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰቬሮ ከበሩ ላይ ጠራኝ።

"ጁሊታ፣ እስቲ ነይ። ጫማሽን አውልቂ፣ ኮቴሽ እንዳይረብሽ።"

ገባሁ። ሸክላው ይዞራል፣ መርፌው ተቀምጧል። ሞተሩን አጠፋው። ሸክላው እየዘገመ ቆመ። መርፌውን ግን አላነሳውም። ከዚያ ድምፁን እስከ ጥጉ ከፈተው።

ስፒከሮቹ አጉረመረሙ።

"ሞተሩ ጠፍቷል እኮ!" አልኩ።

"ጠፍቷል።"

"መኪና ነዋ። ላይኛው መንገድ ላይ..."

"መንገዱ ከትናንት ጀምሮ በጎርፍ ተዘግቶ የለም እንዴ? ምን መኪና አለ?"

መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ድምፁ አንድ ወጥ አልነበረም። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል፤ የተኛ ትልቅ አውሬ አጠገብ ያለሁ መሰለኝ። መሃል ላይ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ዓይነት "ቀጭ" አለ። የሰቬሮ እጅ ከድንጋዩ ላይ ተነሳ።

"ዋሻ ውስጥ ይህን ስንሰማ ምን እናደርግ ነበር መሰለሽ?"

"ምን ታደርጉ ነበር?"

"መሣሪያችንን ጥለን እንሮጥ ነበር።"

መጀመሪያ የጠረጠረው የእህቱን ልጅ ነው። ሩዲ ከጓደኞቹ ጋር በአሮጌው ዋሻ ተደብቆ ወርቅ እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ሱቄ መጥቶ ሩዝና ጨው የበላ የአሳማ ሥጋ እየበላ ሳለ ሰቬሮ ፊቱ ተቀመጠ።

"ከቤቴ ሥር ነው የምትቆፍሩት?"

"አጎቴ ደግሞ! ማን ነገረዎት?"

"ማንም አልነገረኝም። ሰማኋችሁ።"

ሩዲ እስኪያስለው ሳቀ። "ከዚያች ቀይ ሻንጣ? አጎቴ፣ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ አንዳችንም አልገባንም። ዋሻውን ውሃ ሞልቶታል። በእናቴ ሞት!"

"እውነትህን ነው?"

"ምን አስዋሸኝ? ገብተን ቢሆን ይሄን ጊዜ ሥጋውን በሙሉ ነበር የማዘው።"

ሰቬሮ ጠረጴዛውን አተኩሮ አየ። "ብትቆፍሩ ይሻለኝ ነበር" አለ።

ሩዲ ማኘኩን አቆመ። ነገሩ የገባው ያኔ ይመስለኛል፤ ማንም ካልቆፈረ ከሥራችን የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው? ግን ወጣት ነው፤ ትከሻውን ነቀነቀና ሾርባ ጨምሪልኝ አለኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አፖ ሊኖ መጥቶ የቆመውን ሸክላ አዳመጠ። ደግ ሰው ነው፣ ፈሪም ነው። ወዲያው ሁላችንንም አስነስቶ ጉብታው ላይ ወዳለው ጸሎት ቤት አወጣን። ልጅ፣ ዶሮ፣ ድስት፣ ፍራሽ ይዘን ወጣን። ዝናቡ አባራ። ፀሐይ ወጣች። ገደሉ ባለበት ቆመ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ የአንዱ ዶሮ ጠፋ፣ የአንዷ ሕፃን ሳል ያዘው። አንድ በአንድ ተመለስን። አፖ ሊኖም "ሁለተኛ በሸክላ ምክንያት ሰው አላስነሳም፤ ከከተማ ባለሙያ ይምጣ" አለ። ባለሙያው ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም።

"ማኖንግ፣ ዛሬስ ሻንጣህ ምን ይላል?" ይለዋል ኮንራዶ ባለፈ ባገደመ ቁጥር። "ሎተሪ አይነግርም?"

ሰቬሮ በረንዳዬ ላይ መቀመጥ ተወ። እሱ ራሱ ተጠራጥሮ ነበር። ምናልባት የመሬት ሽቦው ይሆናል፤ ምናልባት ማጉያው አርጅቶ ይሆናል፤ እኔ እንኳ የሰማሁት እሱ ስላለኝ ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ስለዚህ ሰቬሮ አንድ ነገር ወሰነ። ማጫወቻውን፣ ማጉያውን፣ ስፒከሮቹን፣ ድንጋዩን ሳይቀር የኮንራዶ ጂፕኒ ላይ ጭኖ ላ ትሪኒዳድ፣ ልጁ ቤት ሄደ። ሜዳ ላይ ያለ ቤት ነው፣ ዙሪያው እንጆሪ እርሻ። ሁሉንም ልክ እንደነበረው ገጣጠመው። መርፌውን የቆመ ሸክላ ላይ አስቀምጦ ድምፁን እስከ ጥጉ ከፈተው።

ምንም። ሽው የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ።

ኮንራዶ በኋላ እንደነገረኝ ሦስቱም እዚያ ቆመው ብዙ ጠበቁ። ማርሊን "ተመስገን፣ ተበጀልህ!" ብላ አጨበጨበች። ሰቬሮ ግን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ዕቃው ጤነኛ ነው። የታመመው ካምባጉይ ነው።

"እንግዲያው አትመለስም" አለችው ማርሊን፣ ነገሩ ሲገባት። "እዚሁ ትቀራለህ አባዬ። አበቃ!"

"ዕቃው ይቅር። እኔ እመለሳለሁ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ሰዎቹ እዚያ ናቸዋ።"

በመልሱ መንገድ ኮንራዶ አንድም ቀልድ አልወጣውም።

አውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ሬዲዮ ተናገረ። እንዲህ ዓይነቱን ብዙ ሰምተናል፤ ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ጭነን ተኛን። ጠዋት ሰቬሮ በየቤቱ እየዞረ በር ያንኳኳ ጀመር። አሁን የሚያሳየው ነገር የለውም። ከውሃ ልኩ በቀር ምንም አልያዘም፤ እሱንም ወለላችን ላይ ያስቀምጥና ዝም ብሎ ያሳየናል። አረፋዋ ጥግ ይዛ ቀርታለች፣ ወደ መሃል አትመለስም። እኔ ከልጄ በቀር ምንም ሳልይዝ ወጣሁ። አንዳንዱ በሩን በፊቱ ዘጋ። ያን ጊዜ ኮንራዶ ከጂፕኒው ወረደና በየበሩ መጮህ ጀመረ፤ "ውጡ! እኔ ነኝ የምላችሁ! ስቀልድ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ አሁን እየቀለድኩ ነው?" ሰው የወጣው በሱ ነው። ሽማግሌዎቹን እየጫነ ወደ ጸሎት ቤቱ አመላለሰ።

የሩዲ እናት ማርሴሊና ከኛ ጋር ወጥታለች። ሩዲ ግን ደረጃውን ወደ ታች ሲወርድ ሰቬሮ አገኘው። ወርቅ ለማውጣት ድንጋይ የሚፈጩበት ወፍጮ ሞተር ታች ቀርቷል።

"ሩዲ፣ ሞተሩን ተወው።"

"አሁን መጣሁ አጎቴ።"

"ተወው አልኩህ!" ክንዱን ያዘው።

ሩዲ በቀስታ አስለቀቀው፤ አልተቆጣም። "ባለፈውም እንዲህ ብለው ነበር እኮ" አለና ወረደ።

እኔ ከጉብታው ላይ ሆኜ አየሁ። እንደማስበው በጩኸት አልጀመረም። የመብራት ምሰሶዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ አሉ፣ ለሰው እጅ የሚነሱ ይመስል። ከዚያ ጣሪያዎቹ አብረው መሄድ ጀመሩ፤ የኔ ሱቅ፣ የሰቬሮ ቤት፣ ደረጃው፣ ሁሉም እንደተያያዘ ቁልቁል ሄደ። ድምፁ የመጣው ቆይቶ ነው። ሰቬሮ ሩዲን ተከትሎ ሲወርድ መሃል መንገድ ደርሶ ነበር። ኮንራዶ ከኋላው አንገትጌውን ይዞ ጎትቶ መሬት ላይ ጣለው፤ ጭቃው እግራቸው ሥር ቆመ።

ሩዲን ያገኙት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ሳይወጡ የቀሩ አንድ ባልና ሚስት ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም። ሽማግሌዎቹ እንደ አገራችን ወግ አሳማ አርደው ለተገኘውም ላልተገኙትም ጸለዩ።

ማርሴሊና ከቀብሩ በኋላ ወንድሟን አታናግረውም ነበር። ቆይታ አንድ ቀን ማርሊን ቤት መጣች። ልጠይቀው ሄጄ እዚያ ነበርኩ። አልተቀመጠችም።

"ሰምተህ ነበር" አለችው። "ከማንም በፊት ሰምተህ ነበር። ለምን በጥፊ አላልከውም? ለምን አስረህ አላስቀረኸውም? አንድ ፍሬ ልጅ እኮ ነው!"

"እርግጠኛ ብሆን ኖሮ አስረው ነበር" አለ ሰቬሮ። "ሲያስለቅቀኝ፣ ምናልባት እሱ ይሆናል ልክ ብዬ አሰብኩ። ለዚያች ደቂቃ። እጄ የላላው ለዚያ ነው።"

እመታዋለሁ ብላ ይመስለኛል እጇን አነሳች። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለች። ሁለቱም አላለቀሱም። ማርሊን ምግብ አቀረበች፣ ሁለቱም ቀመሱ።

መንግሥት በካምባጉይ መኖር ተከልክሏል የሚል ሰሌዳ ተከለ። ይኸው ዘንድሮ ግን የተናደው አፈር ጠርዝ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። የትም መሄጃ የሌላቸው ናቸው፤ ከሌላ መንደር የመጡም አሉ። ሰቬሮ በኮንራዶ ጂፕኒ እየመጣ አንድ በአንድ ያነጋግራቸዋል። ሰዎቹ አክባሪዎች ናቸው። ወንበር ያወጡለታል፣ እስኪጨርስ ያዳምጡታል፣ "እሺ ማኖንግ" ይሉታል። ከዚያ መዶሻቸውን አንስተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሰማዩም ከወዲሁ ጠቁሯል።