በቀን ሌሊት የሚቆጥረው ቆጣሪ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ፎርማኑ ጋሽ በቀለ ከአሰላ ወደ ሁሩታ ይዞኝ ሄደ። እኔ አዲስ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ እሱ በዚሁ ሥራ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ከመኪናው እንደወረድን የንባብ ቅጽና እስክሪብቶ ሰጠኝና "ከውሻ ጋር እንዴት ነሽ?" አለኝ። እፈራለሁ አልኩት። "እንግዲያስ ከኋላዬ ሁኚ" አለ።

ጥቂት ግቢዎች እንደዞርን አንድ አባወራ "ይኼ ቆጣሪ ይዋሽብኛል" ብሎ በር ላይ ያዘን። ጮኸ፣ ማለ፣ ተገዘተ። ጋሽ በቀለ ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "ሰው የሚለውን ስሚ፤ ቆጣሪው የሚለውን ጻፊ" አለኝ። በሥራ ዘመኔ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ለብዙ ጊዜ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር።

ከአንባቢነት ወደ ረዳት ቴክኒሻንነት፣ ከዚያም ወደ ቆጣሪ ምርመራ አደግሁ። የመርማሪ ቦርሳ ከባድ አይደለም። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ የቆጣሪ ክዳን የሚታሸግበት አዲስ እሽግ፣ በቃ። የሚከብደው የሰው ዓይን ነው። መርማሪ ደጃፍ ላይ ሲቆም ጎረቤቱ ሁሉ "እነ እገሌ ሰርቀው ነው" ይላል። ለዚህ ሥራ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል አልነበርኩም። አፌ ቀድሞኝ ከስንት ሰው ጋር እንደተጣላሁ የሥራ ባልደረቦቼ ይመስክሩ።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ቆጣሪ ነው። ከብዙዎቹ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

በከተማችን ጥቂት ቤቶች ላይ ሁለት ታሪፍ ያለው ቆጣሪ ለሙከራ ተገጥሞ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት የተጠቀሙበት መብራት በሌሊት ታሪፍ ይያዛል፤ እሱ ይረክሳል። የቀረው በቀን ታሪፍ ይያዛል። ቆጣሪው መስኮት ላይ ቀን ሲሆን 1፣ ሌሊት ሲሆን 2 ቁጥር ይታያል። አንዱን ከሌላው የሚቀያይረው ውስጡ ያለ ትንሽ ሰዓት ነው።

ከደንበኞቹ አንዷ አደ መፍቱሃ ናቸው። አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ጫጩት እያስፈለፈሉ ለዙሪያው ገበሬ ያቀርባሉ። የአሰላን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጫጩቶቹን የሚያሞቁት ትልልቅ አምፖሎች ሌሊቱን ሙሉ ሲበሩ ያድራሉ። ስለዚህ የሌሊት ታሪፍ የሚባል ነገር ሲመጣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው።

ቀድመው የተማረሩትም እሳቸው። ቢሮ ድረስ መጥተው "ቆጣሪው ልክ አይደለም፤ ሌሊቴን ቀን እያለ ይቆጥርብኛል" ብለው አመለከቱ። የቁጥጥር ሠራተኛው ተሾመ ሊያይ ሄደ። ተሾመ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። ረፋድ ላይ ደርሶ መስኮቱን ቢያይ 2 ይላል። በቀን በብርሃን የሌሊት ታሪፍ! የቆጣሪውን ሰዓት ከእጁ ሰዓት ጋር አስተያየ፤ አንድ ነው። ሰዓቱ ልክ ከሆነ የሌሊት ታሪፍ በቀን ምን ያደርጋል? ቆጣሪው ተነክቷል ብሎ ሪፖርት አደረገ። ይባስ ብሎ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ "ሰርቆ ቀድሞ መክሰስ ደግሞ ምን ይባላል፣ እማማ?" አላቸው።

ይህን የሰማሁት የቴክኒክ ክፍል ኃላፊያችን አቶ ግርማ ጠዋት ቢሮው ሲጠራኝ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖታል።

"ላይኑን ቁረጪና ቆጣሪውን ነቅለሽ ለምርመራ አምጪ" አለኝ።

"መጀመሪያ ልየው እንጂ።"

"ተሾመ አይቶታል።"

"እኔ አላየሁትማ፣ አቶ ግርማ። ራሳቸው አመልክተው ራሳቸው ሌባ ሆኑ? ሌባ ፖሊስ ጠርቶ ያውቃል?"

አቶ ግርማ ፊቱን ቋጠረ። "እዪው። ግን ከምሳ በፊት ይቆረጥ። እምቢ ካልሽ ተሾመን እልካለሁ።"

አደ መፍቱሃ ግቢ ስደርስ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኗል። የጎረቤት ሴቶች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሰላም ብላቸው ግማሾቹ ዝም አሉኝ። አደ መፍቱሃ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው በሩ ላይ ጠበቁኝ።

"አኒ ህን ሃኔ" አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም። "አልሰረቅኩም።"

"እሺ እናቴ። እስቲ ቆጣሪውን ልየው።"

"መጀመሪያ ይኼን እዪ" ብለው እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ማሽኑ እንደ ቁምሳጥን ቆሟል፤ በመስታወቱ በኩል እንቁላሎቹ ይታያሉ። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዳንዱ ቅርፊት ተሰንጥቋል። ከአንዱ ስንጥቅ ትንሽ አፍ ብቅ ብላ ተመለሰች።

"ዛሬ ነው የሚወጡት" አሉ። "አሁን ከቆረጥሽው በዚህ ብርድ እዚያው ቅርፊታቸው ውስጥ ይቀራሉ።" ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "እሱስ ይሁን፣ የአላህ ነው። ሌባ ተብዬ እዚህ ሰፈር እንዴት እኖራለሁ? ልጆች ያሳደግሁበት ሰፈር ነው።"

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚሉት እንዲሁ ለጨዋታ አይደለም።

ወደ ቆጣሪው ወጣሁ። እሽጉን አገላብጬ አየሁት፤ አልተነካም። ክዳኑ ላይ ጭረት የለም። ገመዶቹን በቴስተር ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። ቁልፉን ተጭኜ ሰዓቱን አመጣሁ። የእጄን ሰዓት አየሁ። ቁጭ! ደቂቃው ሳይቀር አንድ ነው። መስኮቱ ግን 2 ይላል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ብርድ አላበኝ። እሽጉ ደህና፣ ሰዓቱ ደህና፣ ታሪፉ የተሳሳተ። ወይ ውስጡ ተበላሽቷል፣ ወይ ከእኔ የበለጠ እጀ ብልህ የሆነ ሰው ገብቶበታል። በሁለቱም መንገድ ደንቡ ይነቀል ይላል። ፒንሳዬን ከቦርሳው አወጣሁት፤ መልሼ ከተትኩት። የማሽኑ ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማኛል።

ሌላ ነገር ሲጠፋኝ "ሁልጊዜ 2 ነው እንዴ የሚለው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ኧረ አይደለም። ቀን ይለወጣል።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"እኔ ሰዓት አላይም። ለዙህር ውዱእ ላደርግ ወደ ውኃው ስወጣ በዚህ በኩል ነው የማልፈው። ጠዋት 2 የነበረው ያን ጊዜ 1 ሆኖ አገኘዋለሁ። በየቀኑ ነው። ለዚያ ልጅ ነግሬው ሳቀብኝ።"

ዙህር የቀትር ሶላት ነው፤ አዛኑ የሚሰማው ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ነው። አንድ ነገር ልቤን ነካው። የተበላሸ ቆጣሪ እንደ ሰካራም ነው፣ ሲፈልግ ይነሳል ሲፈልግ ይወድቃል። በየቀኑ አንድ ሰዓት እየጠበቀ የሚለወጥ ከሆነ ግን አልተበላሸም፤ አንድ የሚያዘው ነገር አለ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ለአቶ ግርማ ደወልኩና ቀትር እስኪያልፍ ልጠብቅ አልኩት።

"ምን ልትጠብቂ?"

"እስኪለወጥ።"

"ካልተለወጠስ?"

"እኔው እቆርጠዋለሁ።"

"ወይንሸት፣ ይኼ ግትርነትሽ አንድ ቀን ዋጋ ያስከፍልሻል" ብሎ ስልኩን ዘጋው። እንዲህ ሲል ተሾመን እንደሚልከው አወቅሁ።

አደ መፍቱሃ በርጩማ አመጡልኝ። ቆጣሪው ሥር ተቀመጥኩ። ካፊያ ጀመረ። እሳቸው ወደ ማሽኑ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ፊቴን ያያሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። እኔም ከመስኮቱ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ቢለወጥ ምን እንደምል አላውቅም፤ ባይለወጥ የምሠራውን ግን አውቀዋለሁ፤ እሱ ነው የጨነቀኝ። አንዷ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ "ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቀው?" ስትል ሰማኋት። እኔም ያንኑ ነበር የምጠይቀው።

ተሾመ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መሰላል በጫነች ፒክአፕ መጣ። ሰላም አለኝ፤ ፊቴን ማየት ግን ከብዶታል። መሰላሉን አውርዶ ምሰሶው ላይ አስደገፈ።

"ተሾመ፣ ትንሽ ጠብቀኝ።"

"እትዬ ወይንሸት፣ ታዝዤ ነው። ለእኔም እንጀራዬ ነው።"

"ቀትር እስኪያልፍ ብቻ።"

"ቀትርና ቆጣሪ ምን አገናኛቸው?" ብሎ መውጣት ጀመረ። አደ መፍቱሃ መሰላሉ ሥር ሄደው ቆሙ። አልጮኹም፣ አልለመኑም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ብቻ ያዩታል። ተሾመ ላይ ደርሶ ቀበቶውን አሰረ፤ ፒንሳውን አወጣ።

ያን ጊዜ መስኮቱ ላይ 06:00 መጣ። 2 ጠፋችና 1 ሆነች።

"ተሾመ፣ እጅህን አንሳ!" አልኩ። ምን እንዳየሁ ገና ለራሴም አልገባኝም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሌሊቱ አበቃ? የማን ሌሊት ነው ስድስት ሰዓት ላይ የሚያበቃው? ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ስልኬ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ 12:00 ይላል። በርጩማው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቆጣሪው የፈረንጅ ነው። ሌሊት የሚያበቃው ስድስት ሰዓት ላይ ነው ተብሎ የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ያ በእኛ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ውስጡ የተሞላለት ሰዓት ግን የሐበሻ ነው። ቀትር ላይ የእኛን ስድስት ሲያይ ነጋ ብሎ አሰበ። ማታ አደ መፍቱሃ አምፖላቸውን ሲያበሩ ደግሞ ለእሱ ገና ቀን ነው። እኛ ለቁጥጥር የምንሄደው በቀን ነው፤ የምናስተያየውም በሐበሻ ከሚሄደው የእጃችን ሰዓት ጋር ነው። ሁሌም ልክ ሆኖ እናገኘዋለን።

ተሾመ ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ስልኬን አሳየሁት፤ ቆጣሪውን አሳየሁት።

"ሲገጠም ሰዓቱን ማን ሞላው?" አልኩት።

"እኔ" አለ። ያን ጊዜ የገጠማ ቡድን ውስጥ ነበር። "መጋዘን ብዙ ቆይተው ባትሪያቸው ደክሞ ሰዓታቸው ጠፍቶ ነበር። በእጄ ሰዓት ሞላኋቸው።" የእጁን ሰዓት አየው። የሞላበትም፣ ያረጋገጠበትም፣ ሌባ ብሎ የፈረደበትም ያው አንድ ሰዓት ነው።

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት። እኔም ጠዋት በእጄ ሰዓት አስተያይቼ ልክ ነው ብዬ ነበር።

ለአቶ ግርማ ደወልኩ። "ሰዓትዎ ስንት ይላል?" አልኩት።

"ስድስት። ቆረጣችሁ?"

"ቆጣሪውም ስድስት ይላል። ለእሱ ግን አሁን ነው የነጋው።"

ወዲያው አልገባውም። ደግሜ ነገርኩት። ከዚያ "ሌሎቹስ ቤቶች?" አለኝ፤ ድምፁ ተለውጧል። በኋላ ሲታዩ ሌሎቹም እንደዚያው ነበሩ። ልብ ብሎ ያየና ያመለከተ ግን ሌላ ሰው አልነበረም። አቶ ግርማ ለአደ መፍቱሃ የይቅርታ ደብዳቤ እንደሚጽፍላቸው ንገሪልኝ አለ።

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደብዳቤ ምን ያደርግልኛል? ሌባ የተባልኩት በደብዳቤ ነው? በጎረቤቴ ፊት ነው። በጎረቤቴ ፊት ይንገሩልኝ።"

ተሾመ እኔን አየኝ። እኔ ቦርሳዬን መሰብሰብ ያዝኩ፤ ይኼ የእሱ ሥራ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ወደ አጥሩ ሄደ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰዓቱን አበላሽቼ የሞላሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ምንም አልነኩም" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። አንዷ ሽማግሌ ሴት በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሴቶቹ ሳቁ። ምን እንዳለች ተሾመ አልጠየቀም፤ እኔም አልተረጎምኩለትም። አደ መፍቱሃ ግን አልሳቁም። "ግባ፣ ዝናቡ እያበሰበሰህ ነው" ብለው አስገቡት።

የቆጣሪውን ሰዓት እዚያው አስተካክለን፣ አዲስ እሽግ አድርገን ስንጨርስ አዛን አለ። አደ መፍቱሃ ለውዱእ ሲወጡ ቆጣሪው ጋ ቆም ብለው አዩት። ጓዳው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ከነእርጥበታቸው ቆመው ይንገዳገዳሉ። ተሾመ መስታወቱ ላይ ተደፍቶ አልነሳ ብሎ ጎትቼ አወጣሁት።

ሥራው ላይ ላላችሁ የምለው አጭር ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች አንድ ዓይነት ስለተናገሩ ልክ ናቸው ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው የሞላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ የጀመርኩት ሰው የሚለውን ስሚ፣ ቆጣሪው የሚለውን ጻፊ ተብዬ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱንም እጽፋለሁ።