የግራው ፍሬቻ

የበደለኝ ሰው ሞገስ ይባላል። የበደለኝ በሚሊኒየሙ ዓመት ክረምት፣ ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረን ስንሠራ ነው። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው፤ ስሙን ግን ሳላነሳ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት የመኪናዬ የጎን መስታወት፣ ስፖኪዮው ላይ የመታጠፊያ መብራት ላስገጥም አያት ሰፈር ወደሚገኝ ጋራዥ ሄድኩ። አንዲት ወጣት ሴት ገመዶቹን ፈታች፣ ከኪሷ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣችና የግራውን ገመድ ጫፍ ቀባችው።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«የጋሽ ሞገስ ዘዴ ነው፣ ማዘር። ግራና ቀኙ እንዳይምታታ።»

የሆዴን ለማንም አላወራም። ልጻፈው ግን።

ያኔ ጋራዡ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የተቀጠርኩት ደረሰኝ ልጽፍ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራውን ያስተማረኝ ራሱ ሞገስ ነው፣ ይህን አልክድም። የጋራዡ ባለቤት «አንድ ሥራ ብቻሽን ጨርሰሽ አሳዪኝ፤ ከደረሰኙ እገላግልሻለሁ» አለኝ። ዕድሌ የእትዬ አልማዝ ሚኒባስ ሆነ። እትዬ አልማዝ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበልተኛ የሚያመላልሱ ሴት ነበሩ። የፊት ፍሬቻቸው ተሰባብሯል።

«ጉም ሲሆን እንጨት ተሸካሚዎቹ አያዩኝም» አሉኝ። «ስፖኪዮው ላይ፣ ከዓይናቸው ትይዩ አድርጊልኝ።»

ከሚሊኒየሙ በዓል ወዲህ ከተማው በትንንሽ መብራት ተጥለቅልቆ ስለነበር ኤልኢዲ አምፖል አልቸገረኝም። ሁለት ቀን ሠራሁ። የስፖኪዮዎቹን ሽፋን በስሱ ቀድጄ አምፖሎቹን ደረደርኩ፣ ዝናብ እንዳያስገባ በሲሊኮን ደፈንኩ። ከዚያ የግራውን ፍሬቻ አብርቼ ወረድኩና ከመኪናው ፊት ለፊት ቆምኩ። በግራ እጄ በኩል ብልጭ ብልጭ አለ። ደስ አለኝ። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ግራው የመኪናው ቀኝ መሆኑን ደስታዬ ጋረደብኝ። ሞገስ አጠገቤ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር። ምንም አላለም።

ከሰዓት በኋላ እኔ፣ ሞገስና እትዬ አልማዝ ለሙከራ ወደ እንጦጦ ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ዳገቱ ላይ ተኝቷል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ይገባል። እትዬ አልማዝ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አዩና ሊቆሙ የቀኝ ፍሬቻ አሳዩ። እንጨት የተሸከመች ሴት ከጉሙ ወጥታ ወደ እኛ ትመጣ ነበር። የበራው ግን የግራው ነው። ወደ ግራ የምንታጠፍ መስሏት ወደ ቀኛችን ሸሸች። እትዬ አልማዝም መሪውን ወደዚያው አዞሩ። ፍሬኑ ጮኸ፣ እንጨቱ ተበተነ። ሴትየዋ አልተነካችም፤ እርግማኗን ግን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ግራ ገብቷት እኛንም ግራ አጋባችን!» አለ ሞገስ ወደ እኔ እየጠቆመ። «እኔማ ጋራዥ እያለን አይቼው ነበር። እንድትማር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«አንተ! እሷ እንድትማር እኔ ሰው ልግደል?» ብለው እትዬ አልማዝ ጮኹበት።

እንጨቱን ለቅመን ሴትየዋን አሸከምናት። ዝናቡ ተመለሰ። በሩን ከፍቼ ተንበረከክኩና ከመሪው ሥር ገመዶቹን ፈታሁ፤ ግማሽ አካሌ ውጭ ነው። ሁለቱም ገመዶች ጥቁር፣ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ የገዛሁት ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር። የግራውን ቀባሁት።

«ሙሽራ ነው እንዴ የምትኩይው?» ይለኛል ሞገስ። ኮቱን አውልቆ በላዬ ዘርግቶልኝ ነበር፤ እሱ በሸሚዝ ይበሰብሳል። ያን ሰዓት መጥላት አቃተኝ። ለዚህም ተቀየምኩት።

እትዬ አልማዝ ትልቁን በቆሎ ለእኔ ሰጡኝ። ለሞገስ ያረረውን።

ፍሬቻው ተስተካክሎ ስለሠራ ከደረሰኙ ተገላገልኩ። «ግራ ገብ» የሚል ስም ግን ወጣልኝ፤ ያወጣው እሱ ነው። ይህንንም እችለው ነበር። በወሩ ግን ገመድ በቀይ ቀለም እየቀባ ለሌሎቹ ሲያስተምር ሰማሁት። «የእኔ ዘዴ» ይላል። ስሜን አላነሳም። በዓመቱ ሳልሰናበተው ወጥቼ ኮተቤ የራሴን የመኪና ዕቃ ሱቅ ከፈትኩ።

ስህተቴን አይቶ ዝም ያለውን ሰው ይቅር አልለውም። ዝናብ የከለለኝን ሰው ደግሞ አልረሳውም። የሚያናድደኝ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

ከጋራዧ ወጣት የሞገስን ስልክ ቁጥር ተቀብዬ ደወልኩ።

«ሃሎ፣ ሞገስ?»

«ግራ ገብ!» አለ ወዲያው። ቀጥሎም፣ «ቀለም አልቆብኛል» አለኝ።

በማግስቱ ዛሬም ወደሚሠራበት ወሰን ሄጄ ሁለት ጠርሙስ ቀይ የጥፍር ቀለም ሰጠሁት። ሁለቱም ላይ ስሜን ጽፌ ነበር።