አራተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው

ዴዝመንድ ፓስክ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጡረተኞችን ከእንግሊዟ ሌስተር ከተማ እያሳፈረ ሊንከንን፣ ዮርክንና ደረምን ያዞር ነበር። እኔ ከጎኑ ማይክሮፎን ይዤ ስለ ጥንት ነገሥታት አወራለሁ፤ እሱ ዝም ብሎ ይነዳል። ያንን ግዙፍ አውቶቡስ በጠባቡ የድንጋይ መንገድ ግንብ ሳያስነካ ሲያሾልከው ማየት ደስ ይል ነበር።

በዚያ ግንቦት ግን ሰላም አልነበረውም። ሚስተር ቶፕሊ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው አራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሌላው ተሳፋሪ ካቴድራል ሊያይ ሲወርድ እሳቸው አይወርዱም። ዴዝመንድን እያዩ ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

“ድርጅታችን የላከው ሰላይ ነው” አለኝ ሊንከን ላይ ሳንድዊቹን እየገመጠ። “ስልሳ ስድስት ሞላኝ አይደል? ሰበብ ፈልገው ሊያሰናብቱኝ ነው።”

“ጉልበታቸውን አሟቸው ይሆናል።”

“ጉልበቱን ያመመውን ሰው ምን ያስጽፈዋል?”

ዮርክ ላይ ሰውየው መጠየቅ ጀመሩ። ይህን መስመር ስንት ዓመት ነዳህ? ሁሌም አንተ ብቻ ነህ? ማታ የት ነው የምታድረው? ዴዝመንድ ችሎት ፊት እንደቆመ ምስክር ቃል እየመረጠ መለሰ። ከዚያ ወዲያ አነዳዱ የኤሊ ሆነ። ከኋላ ያሉት ሴቶች “ዴዝ፣ ቀብር ነው እንዴ የምንሄደው?” እያሉ አሾፉበት።

ደረም ስንደርስ ትዕግሥቱ አለቀ። ሌላው ሰው ወርዷል፤ እኔ ከፔርሙዝ ሻይ እቀዳለሁ።

“ጌታዬ፣ ጥፋቴን ይንገሩኝና ልረፍ። ቢሮው ነው የላከዎት?”

“የምን ቢሮ?” ሚስተር ቶፕሊ ከደብተራቸው ውስጥ ፎቶ አወጡ። “ይቺን ሴት ታውቃታለህ?”

“ሙሪየል ናቸው እንጂ! የት ጠፉ? ሁለት ዓመት ሆነኝ ካየኋቸው።”

“ሞታለች። ባለቤቴ ነበረች።” ድምፃቸው ደረቅ ነበር። “ዘጠኝ ዓመት ይችኑ ጉዞ ተመላለሰች፤ ያውም ብቻዋን። አንድ ከተማ ዘጠኝ ጊዜ የሚታየው ምን ተገኝቶ ነው? ሰው ይዛለች አልኩ። ያ ሰው አንተ ነህ አልኩ።”

ዴዝመንድ ሊስቅ ዳድቶት ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

“ከ‘እንደምን አደርክ’ የዘለለ ወሬ አልነበረንም። እዚህ ስንደርስ ካቴድራሉ ገብተው፣ ከኋላ ተቀምጠው፣ የመዘምራኑን ዝማሬ ሰምተው ይመለሳሉ። ሌላ ቦታ አይሄዱም።”

“ከማን ጋር?”

“ብቻቸውን። አንዴ ብቻ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ። ቤት ቴሌቪዥኑ አይዘጋም፣ ባሌም አይሰማኝም አሉኝ።”

ይህን ባይላቸው ብዬ ተመኘሁ። ሰውየው ግን ኮታቸውን ቆልፈው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ካቴድራል ሊያዩ ወረዱ። ዳገቱን ደግፌ አወጣኋቸው። ካቴድራሉ ውስጥ ከኋላ ካሉት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጡ፤ ጥቂት ቆይተው ተነሥተው ወደሚቀጥለው ተዛወሩ። የቷ ጋ ትቀመጥ እንደነበር ጠየቁኝ፤ አላውቅም ነበር።

ሌስተር ተመልሰን ሲወርዱ ዴዝመንድን አፍጥጠው አዩት።

“ከነገርከኝ ውጭ ምንም የለም?”

“ምንም የለም፣ ጌታዬ።”

እጁን ጨብጠው ሄዱ። ይመኑት፣ አይመኑት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።