የባሌ ካፖርት ያወጣው እጅ

ክረምት ሲገባ የአሰላ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የባሌ ታናሽ ወንድም ከኢተያ የመጣው እንዲህ ባለ ቀን፣ ስስ ሹራብ ለብሶ ነው። «ለስብሰባው ብቻ» ብሎ የወንድሙን ካፖርት ጠየቀኝ። ባሌ ከተቀበረ ወዲህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ የተውኩት ነበር፤ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ቀብሬበት እቆማለሁ። እምቢ ለማለት አፈርኩና ሰጠሁት። ሆዱ ላይ አልቆለፍ ሲለው በጉልበት ሳበው። ያኔውኑ ቀፈፈኝ።

ስብሰባው የእድራችን ነበር። ዳኛው አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከእንግዲህ ራሷ ድምፅ አትስጥ፣ ወንድ ዘመዷ ይወክላት። «ለእናንተው እረፍት ነው» አሉ፣ ወደ እኛ ሳያዩ፣ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ። በባሌ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ወጥ እያስደገሙ የበሉት እኚሁ ሰው ናቸው።

በዚያ አዳራሽ ሴት የተቀመጠችው በነፃ አይደለም። እኔ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ሴቶች ለእድሩ ወጥ ይሠሩ፣ ውሃ ይቀዱ፣ ሳህን ያጥቡ ነበር፤ ስብሰባ ሲሆን ግን በሩ ይዘጋባቸዋል። ጥቂት ጎረቤቶቻችን «እኛም ድምፅ እንስጥ» አሉ። ተሳቀባቸው። ወንዳወንድ ተባሉ። አንዷን ባሏ ዝናብ ላይ አውጥቶ በሩን ቆለፈባት። ቀጥሎ ሰው ሲሞት ሴቶቹ መጡ፣ ከልባቸው አለቀሱ፣ ወደ ድስቱ ግን አልተጠጉም። ወንዶቹ ንፍሮ ሊቀቅሉ ተነሡ። ዕድሜ ልካቸውን ስንዴና ባቄላ ያረሱ ሰዎች፣ ያልተዘፈዘፈ ባቄላ ከስንዴው ጋር እኩል በርሜል ውስጥ ጨምረው አነደዱበት። ስንዴው ገንፎ፣ ባቄላው ጠጠር፣ ሥሩ ከሰል ሆነ። ከዲክሲስ ለቀብር የመጡት ሽማግሌዎች እፍኛቸውን ይዘው የሚደፉበት ጠፋቸው። ባሌ ቤት ሲገባ ጉንጩን ይዞ፣ «ይግቡና እጃቸውን ያውጡ እባክሽ፣ ጥርሴ ሳያልቅ» አለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሴቶቹ ገቡ።

ከእነዚያ ሴቶች ዛሬ በሕይወት ያሉት አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ብቻ ናቸው። «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ያን ቀን አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

«የምትደግፉ እጅ አውጡ» ተባለ። የባሌ ወንድም አወጣ። የወጣው የባሌ እጅጌ ነው፤ ጫፉ ላይ እኔ የጠቀምኩት ክር ይታያል። በእኔ ቤት ስም፣ በባሌ ልብስ፣ የእኔን አፍ ሊዘጋ።

«የምትቃወሙ» ሲባል እኔም አወጣሁ።

«ከአንድ ቤት አንድ እጅ ነው» አሉ ዳኛው። «ወንድምየው አውጥቷል።»

«እሱ የኢተያ ሰው ነው። የዚህ እድር አባል እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ እርስዎ አይድከሙ» አለ ወንድምየው በለሰለሰ ድምፅ፤ «የወንድሜ ቦታ ነው።»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አንተ ዳኛ፣ ያ የወጣው ካፖርት ነው። ካፖርት አባል ከሆነ ለሚቀጥለው ስብሰባ ጫማውም ይምጣ።»

ወጣቶቹ ሳቁ።

«ይሁን፣ አስወጡን» አሉ አሮጊቷ። «ንፍሮውንስ ማን ሊቀቅልላችሁ ነው?»

ይኼኔ ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። አንዱ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ለድጋፍ ወጥተው የነበሩ እጆች አንድ በአንድ ወረዱ፣ ሐሳቡም ወደቀ።

በሩ ላይ ካፖርቱን አስወለቅኩት።

«ብርድ ነው እኮ» አለኝ።

«ነው» አልኩት።

መልሼ ልሰቅለው ግን አልቻልኩም። ኮሌታው በቅባት ወዝቷል፤ የዚያ ሰው ላብና ርካሽ ሽቶ ገብቶበታል። ፊቴን አስጠግቼበት ወዲያው አዞርኩ። ብዙ ቀን ደጅ ትቼው በመጨረሻ በሳሙና አጠብኩት። ከእሱ ላብ ጋር የባሌም ጠረን አብሮ ሄደ።

ለአሮጊቷ ይህን አልነገርኳቸውም። ቤታቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ስለ ድምፄ። ቀና ሊያደርጉኝ ሞክረው ተዉትና፣ «ሳሚ፤ የሌሎቹንም እኔ ልቀበልላቸው» አሉኝ። የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ማለታቸው ነው። ደግሜ ሳምኩ።

የባሌ ወንድም አሁንም ለገበያ ሲመጣ በሬ ላይ ቆሞ፣ «እንዴት ከረሙ እትዬ» ይለኛል። «ደህና» እላለሁ። ግባ አልለውም።