ተፈወስኩ ብዬ መድኃኒቴን ደበቅሁ

ወገኖቼ፣ ሰላም ይብዛላችሁ! ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ወጥቻለሁ። አውቃለሁ፣ "ይሄ ሽማግሌ ማይክ ያዘ፤ ምሳችን ቀረ" እያላችሁ ነው። አትፍሩ፣ ለረጅም ወሬ ትንፋሽ የለኝም። ጌታ ይባረክ!

ጌታን ሳላምን በፊት የትምባሆ ጋያ አጫሽ ነበርኩ። እኔ ሳጨስ ጎረቤት ቤት የተቃጠለ መስሎት ውኃ ይዞ ይመጣ ነበር። አመንኩ፣ ጋያውን ሰበርኩ። ሳንባዬ ግን የሠራሁትን አልረሳልኝም፤ ሳል፣ ማለክለክ። እዚህ ሶዶ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

"አባባ፣ ይህ በሽታ አብሮዎት የሚኖር ነው" አለኝ ዶክተሩ። "ይህን ፓፍ የሚባል መድኃኒት ጠዋትና ማታ በአፍዎ ይስቡ። ቢሻልዎትም እንዳያቆሙ።"

በሁለት ወር ደረቴ ቀለለ። እኔስ ምን አደረግሁ? እዚሁ ቆሜ "ፈጽሞ ተፈውሻለሁ!" አልኩ። እናንተም እልል አላችሁ፣ አጨበጨባችሁ። እንዴት ጣመኝ መሰላችሁ! ከዚያ በኋላ ፓፍ ስስብ ብትይዙኝስ? የበቆሎ ጎተራ ውስጥ ቀበርኩት።

አንድ ቀን ተበላ ከተማ ገበያ መሃል ትንፋሼ ተቆረጠ። ቃል ማውጣት አቃተኝ። እኔን! ቃል! ሰዎች ተሸክመው ሚኒባስ ውስጥ ከተቱኝና ሶዶ ሐኪም ቤት አደረሱኝ።

ዶክተሩ "ማን ነው ያቁሙ ያለዎት?" ሲል ባለቤቴ ቀደመችኝ፦ "ጭብጨባ ነው፣ ዶክተር!"

አልጋው ላይ "ጌታ ሆይ፣ አሳፈርኩህ" እያልኩ አለቀስኩ። እሷም "እሱስ መድኃኒት ሰጥቶህ ነበር፤ አንተ ነህ እልልታ ያማረህ" አለችኝ። ሃሌሉያ! ጋያን ከተውኩ ስንት ዘመኔ፤ ኩራቴን የተውኩት ግን ያን ቀን ነው።

ጌታ በአንድ ቃል መፈወስ ይችላል፣ ወገኖቼ። እኔን ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ እየፈወሰኝ ነው። የቤቴን ዳገት ስድስት ጊዜ እያረፍኩ እወጣ ነበር፤ ዛሬ ሁለቴ ብቻ። ክብር ለስሙ ይሁን!

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ጊዜ እዚህ ስመሰክር ሰምቶኝ "እሳቸው ከዳኑ እኔም ልተው" ያለ ሰው ይኖር ይሆን? የአስም ይሁን የደም ግፊት መድኃኒቱን ያቆመ? እጅ አታውጡ፤ ማፈርን እኔም አውቀዋለሁ። ስንወጣ በሩ ላይ እቆማለሁ። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ አብረን እንሄዳለን። ጌታን እመኑት፣ አይጥላችሁም። የዶክተሩን ቁጣ ደግሞ ለእኔ ተዉልኝ።