ጾሜን ነኝ

ሰቆጣ የምሠራበት ሆስፒታል፣ የተመላላሽ ታካሚዎች በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «የስኳር ምርመራ ያላችሁ ጾማችሁን ኑ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቁርስ በልተው እየመጡ ምርመራውን የሚያበላሹ የከተማ ሰዎች ቢያስቸግሩኝ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ በፕላስተር ለጠፍኩት። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል። የዋግ ሰው ጾሙን እንዲመጣ ማስታወቂያ ያስፈልገዋል እንዴ?

እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ጾሙ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ በጣታቸው ቆጥረው የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ እኔንም ድቁና ሊያስቀበሉኝ ብዙ ደክመዋል። እኔ ግን ሐኪም ሆንኩ። ከእኔ ጋር እዚህ የተመደቡት ሐኪሞች አንድ በአንድ ሄደዋል፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጅ ማሳደግ አለባቸው። እኔ የቀረሁት ጀግና ሆኜ አይደለም። ግትር ስለሆንኩ ነው፣ ሚስቴን ጠይቋት።

ስኳር በሽታ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ቦርጩ የገፋ ነጋዴ ነው። የእኛዎቹ እንዲህ አይደሉም። ከደሃና፣ ከአበርገሌ የሚመጡልኝ የስኳር ታካሚዎች አጥንታቸው የሚቆጠር ወጣቶች ናቸው። በልጅነታቸው ጠግበው አላደጉም፤ ስኳሩ የያዛቸው ከመብላት ብዛት ሳይሆን ከማጣት ነው የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ራሱን የቻለ ስም ይሰጠው አይሰጠው እያሉ በየስብሰባው ይሟገታሉ። ይሟገቱ። እኔን አንዴ ለሥልጠና ጠርተውኝ አንድ ጥሩ ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰማሁት፣ «ታካሚዎቻችሁን ክብደት እንዲቀንሱ፣ በእግር እንዲሄዱ ምከሩ» የሚል ነው። የእኔ ታካሚ ለቀጠሮው ለመድረስ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲሄድ ይውላል! እጄን አውጥቼ ይኼንኑ ብናገር ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት።

የማወራላችሁ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ከደሃና ገጠር፣ ገና ሃያ ያልሞላት። አምና በሁዳዴ ጾም አጋማሽ የመንደሯ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ራሷን ስታለች፣ ምላሷ ደርቋል፣ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። የስኳር መለኪያችን ከዚህ በላይ አልችልም ብሎ ቁጥሩን ትቶ ምልክት ብቻ አወጣ። እናቷ ከቃሬዛው ሥር ቁጭ ብለው የልጃቸውን እግር ይዘው አይለቁም። «አንድ እሷው ናት ያለችኝ» አሉኝ።

ዳነች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔም እንቅልፍ አጥቼባት ነበር። በአምስተኛው ቀን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አገኘኋትና ኢንሱሊን አወጋግ አስተማርኳት። እንዲህ ያለች ተማሪ አይቼ አላውቅም። አፍ መፍቻዋ ኽምጥኛ ነው፤ አማርኛዋ ቀስ ያለ፣ ግን የነገርኳትን አንድም ሳትስት መልሳ ትነግረኛለች። ቤቷ ፍሪጅ የለም፣ መብራትም የለም። ትንሽ ገንቦ አሸዋ ሞልተሽ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለሽ አሸዋው ውስጥ ቅበሪው፣ አሸዋውን በየቀኑ ውሃ አርከፍክፊበት፣ ይቀዘቅዝልሻል አልኳት። «እንደ ችግኝ» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገርኳት። «ሳትበዪ እንዳትወጊ። ሳትበዪ ከወጋሽ ስኳሩ ወርዶ ይገድልሻል። ገባሽ?» አማርኛው ባይገባትስ ብዬ በኽምጥኛ ደገምኩላት። እሷም ደገመችልኝ። እናቷም ደገሙልኝ። ጨርሶ መተውም እንደሚገድል፣ ምግቡ ሲያንስ መጠኑን መቀነስ እንጂ ማቆም እንደሌለባት አልነገርኳትም። በር ላይ ሰልፉ ረዝሞ ነበር፤ ደግሞም አጭር ትእዛዝ አይረሳም ብዬ ነው። እውነትም አልረሳችውም።

አንድ ነገር ብቻ ፈርቼ ነበር፤ ጾሙን። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ እንደምትውል አውቃለሁ። ለነፍስ አባቷ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ በሽተኛ ስለሆነች ይፍቱላት ብዬ። በሳምንቱ በመንደሯ ሰው ላኩብኝ፤ «ፈትቻታለሁ፣ ጠዋትም ማታም ትብላ» ብለው። እሰይ አልኩ። ነገሩን ሁሉ የጨረስኩ መሰለኝ።

ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ቀጠሮዋ ነበርና በእግሯ መጣች። ሳያት ደነገጥኩ። ጉንጯ ገብቷል፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አይቆምም። ለካኋት፤ መለኪያው ያንኑ ምልክት አወጣ።

«አልወጋሽም እንዴ?»

«እወጋለሁ። አንዳንድ ቀን አልወጋም» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«ለምን?»

«ሳልበላ እየሆነ።»

«ለምንድን ነው የማትበዪው?»

ክፍሉ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ግድግዳውን ታከው ቆመዋል፤ ታካሚ ብቻውን ገብቶ የሚታይበት ክፍል የለንም። ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ በቀስታ፣ «ጾሜን ነኝ ዶክተር» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ምን ያላልኳት አለ! «ጾም ጾም ትያለሽ፣ እኔ እዚህ ሞትሽን ለመመለስ እታገላለሁ! ካህኑ ፈቱሽ፣ እኔ ነገርኩሽ፣ ከዚህ በላይ ማን ይምጣልሽ? መሞት ከፈለግሽ ምን አስለፋሽኝ?» ሰዉ ሁሉ ይሰማል። አንዲት አሮጊት ከወዲያ፣ «ተዪ ልጄ፣ ዶክተሩን ስሚው» አሏት። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

ካርዷን ሳብኩና ጻፍኩበት። «በጾም ምክንያት መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም።» ከሥሩ አሰመርኩበት። አልጋ ስላልነበረ ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀኑን ሙሉ ስኳር የሌለበት ጉሉኮስ፣ ማለቴ የጨው ውሃውን ከኢንሱሊን ጋር ሰጠኋት፤ እኛ ዘንድ በላስቲክ የተንጠለጠለ ውሃ ሁሉ ጉሉኮስ ነው የሚባለው፣ እኔም ለመድኩት። ስኳሯ ወረድ አለ፣ ቀና አለች። አዲስ ብልቃጥ ሰጥቼ፣ ለነፍስ አባቷም ሁለተኛ ደብዳቤ በእጇ አስይዤ ሸኘኋት። ደብዳቤው መሳደብ የቀረው ነው። የዚህች ልጅ ነፍስ በእጅዎ ነው ብዬ ጽፌባቸዋለሁ።

ከዐሥር ቀን በኋላ ካህኑ ራሳቸው መጡ። ከደሃና ድረስ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። ሰልፉን ሁሉ አልፈው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙና ደብዳቤውን ዘረጉት።

«ይኼን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ አባ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። የመሪጌታው ልጅ ነህ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እስቲ ንገረኝ፣ ዛሬ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ» አልኳቸው። የሚያሾፉ ነው የመሰለኝ።

«ረቡዕን አልጠየቅኩህም። ከፋሲካ ስንተኛው ነው?»

በጣቴ ቆጠርኩ። በዓለ ሃምሳ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ሃምሳው ቀን ሙሉ ጾም የለም። ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም፤ ከእኛ ሰው ጾም በጣም የሚወደው እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው። ይኼን የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። የአባቴ ልጅ፣ ሐኪሙ፣ ከፋሲካ በሦስተኛው ሳምንት «ጾም ገደለሽ» ብሎ ሲጮህባት ዋለ፤ ያን ክፍል ከሞላው ሰው ደግሞ አንድም ያረመኝ የለም። አሁን ሳስበው ሰዎቹ ገብቷቸው ነበር። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

«ታዲያ ለምን ጾሜን ነኝ አለችኝ?» አልኩ። ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ መልሱን አወቅሁት።

«ምን ትበልህ? ርቦኛል ትበልህ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?» አሉ። ቁጣቸው በረደና ድምፃቸው ደከመ። «ባለፈው ክረምት ዝናቡ ጥሎን ሄደ። እነሱ ቤት እህል ካለቀ ቆየ። ያገኙ ቀን ይበላሉ፣ ያላገኙ ቀን ጾማቸውን ያድራሉ። የእኔን ጾም እኔ ፈትቻለሁ ልጄ። ይኼኛውን የሚፈታው ማን እንደሆነ አንተ ንገረኝ።»

ቃሉን አላውቀውም ነበር ማለት አልችልም። እናቴ ስለ ጎረቤት ልጆች «ጾማቸውን አደሩ» ስትል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ከዚያ በኋላ በሳህን ከድና ትልክላቸው ነበር። ጾም አደሩ ማለት ሳይበሉ አደሩ ማለት እንደሆነ በአምስት ዓመቴ አውቀዋለሁ። ሐኪም ሆኜ ነው የጠፋኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«አሁን እንዴት ናት?» አልኳቸው።

«ትናንት ስወጣ አልተነሳችም።»

ወረቀቱን ሁሉ ትቼ ተነሳሁ። አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም አሉኝ፤ ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ከአንድ ባለመኪና ተበድረን ቀዳን። ካህኑን ከፊት አስቀምጬ እኔው ሄድኩ። መንገዱ እስኪያልቅ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ቦርሳዬ ውስጥ ብስኩትና የሕፃናት አልሚ ምግብ ይዣለሁ፤ ኢንሱሊንም ይዣለሁ። ግማሽ መጠን፣ ግማሽ መጠን ውጊ እላታለሁ፣ ብትበዪም ባትበዪም ውጊ እላታለሁ እያልኩ አቀበቱን ወጣሁት። ከመንደሩ በታች ያለው የደረቀ ወንዝ ጋ ስንደርስ ለቅሶው ተሰማን። ካህኑ ቆመው አማተቡ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ቦርሳዬን ይዤ ቆምኩ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ እናቷ ሆስፒታል መጡ። ሰልፍ ይዘው፣ ተራቸው እስኪደርስ ጠብቀው። በጀርባቸው ያዘሉትን አውርደው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ገንቦው ነው። ክዳኑን ቢያነሱት አሸዋው እርጥብ ነበር። ልጃቸው ከሞተች ጀምሮ በየቀኑ ውሃ ሲያርከፈክፉበት ኖረዋል፣ በዚያ ውሃ እንኳ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር። እጃቸውን ከተቱና በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ብልቃጦች አወጡ። አንዱ ገና አልተከፈተም። ሌላው ከአንገቱ ትንሽ ብቻ ጎድሏል።

«የሌላ ሰው ልጅ ይዳንበት ብዬ ነው ያመጣሁት» አሉኝ።

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። የተቆጣሁ መስሏቸው ኖሯል፤ ልጃቸውን ሊከላከሉላት ፈልገው ነው።

«ሰነፍ አልነበረችም ዶክተር። እንዳዘዙት ነው ያደረገችው። ሳትበላ አንድም ቀን አልወጋችም።»

ማስታወቂያውን የዚያን ዕለት ቀደድኩት። ካርዷ ግን መዝገብ ቤት ነው። «መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም» ይላል፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ ከሥሩ ተሰምሮበት።