ሳይቆጠር የቀረው እጅ

እጅ መቁጠር ሥራዬ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ ካሉት ምክር ቤቶች በየትኛው እንደምሠራ መናገሩ ለማንም አይጠቅምምና እተወዋለሁ። ጉባኤው የሚካሄደው በሶማሊኛ ነው። እኔ ከመድረኩ ጎን፣ ፊቴን ወደ አባላቱ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» ሲል እቆጥራለሁ፤ «የሚቃወም?» ሲል እቆጥራለሁ፤ «ድምፀ ተአቅቦ?» ሲልም እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ቀና ብዬ አያለሁ። የአማርኛውን ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የሶማሊኛውም ቁጥሩን የሚወስደው ከእኔ ወረቀት ነው።

እንዲህ ስል ብዙ ቆጠራ ያለ ይመስላል። የለም። ረቂቁን የማዘጋጀው ከጉባኤው አንድ ቀን ቀደም ብዬ ነው፤ አጀንዳው ይታወቃል፣ ንግግር የሚያደርገውም ይታወቃል። በየአጀንዳው ሥር ያለው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚለው ቃልም አብሮ ተጽፎ ያድራል። ከእኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ ይህንኑ አስረከበችኝ፣ እኔም እንዳለ ተረከብሁ። ክፋት አልመሰለኝም። እንግዳ ሳይመጣ ሰሃን እንደ መደርደር ነበር የማየው።

ጅግጅጋ የመጣሁት በ2010 ዓ.ም. ነው፣ ከወሎ ደጋ፣ የቅጥር ማስታወቂያ አይቼ። እናቴ ካራማራን ከጦርነት ወሬ በቀር አታውቀውምና «እዚያ ደግሞ ከወታደር ሌላ ሰው ይኖራል?» ብላኝ ነበር። አውቶቡሱ ካራማራን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሜዳው ላይ የተዘረጋውን ከተማ አየሁና አማተብሁ።

ክፍል ያከራየችኝ ሴት ባሏ የሞተባት፣ የግመል ወተት ነግዳ ቤት የሠራች፣ ትውልዷ ከቀብሪበያ ወዲያ ካለች አንዲት መንደር የሆነ ነች። በመጀመሪያው ቀን፣ በዕድሜ እናቴን ስለምታክል፣ «አንቱ» አልኋት።

«ስንት ሰው ነኝ?» አለች፣ በገበያ በለመደችው አማርኛ። «አንድ ነኝ። አንቺ በዪኝ።»

ስለዚህ ኤዶ እላት ጀመር፤ በነሱ አክስት እንደማለት ነው። እሷም አባዮ ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። ጾሜን ከእኔ ይልቅ የምታስታውሰው እሷ ነበረች። ረቡዕ ጠዋት በሬ ላይ ቆማ «ዛሬ ወተት የለሽም፤ ከጌታሽ አላጣላሽም» ትለኛለች።

በዚያው ዓመት፣ ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን፣ ከተማው ታመሰ፤ ከሌላ ክልል የመጣ ሰው ይፈለግ ጀመር። ኤዶ እኔን ከውስጥ አስቀርታ የግቢውን በር ቆለፈች፤ በርጩማ አውጥታም ውጭ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሰዎች መጥተው አነጋገሯት። ያን ጊዜ ቋንቋውን ገና አልችልም፤ በሥራም በአስተርጓሚ ነበር የምጽፈው። እሷ ደጋግማ ካለችው አንድ ቃል ብቻ ለየሁ፤ «ማርቲ» ትላለች። ከቀናት በኋላ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እንግዳ ማለት ነው። እንግዳዬ ናት አልኳቸው። በእኛ ዘንድ እንግዳ አይጠየቅም፤ የሚጠየቅ ካለ ባለቤቱ ነው።»

እኔም ውለታ በአፍ አይመለስም ብዬ ዝም አልሁ።

በ2014 ዓ.ም. የመንደሯ ሰዎች እሷን መርጠው ወደምሠራበት ምክር ቤት ላኳት። ስትሰናበታቸው ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር አስጠነቀቋት። «እኛ ቴሌቪዥን የለንም። ጉባኤው ባለቀ ቁጥር አርብ ቀን ትመጫለሽ፤ እጅሽን ለምን እንዳነሳሽና ለምን እንዳላነሳሽ ትነግሪናለሽ።» ፊደል ስላልቆጠረች በወረቀት አልያዘችውም። ሁሉንም በቃሏ ያዘች። ከየጉባኤው በኋላ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጥብ አጠገቤ ትቀመጥና ከእኔ ጋር ታመሳክራለች።

«የመጀመሪያው?»

«ደግፈሻል።»

«የመንገዱ?»

«ደግፈሻል።»

«ሦስተኛው አልገባኝም ነበር። ዝም አልኩ።»

«ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተይዟል። ሰብሳቢውም አይቶሻል።»

«ለዝምታ ትልቅ ስም አወጣችሁለት» ብላ ሳቀች።

የዚያን ቀን፣ ሥራ ከጀመርሁ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተጽፎ ያደረውን ቃል ሰርዤ ሌላ ጽፌ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «አክስትሽ ሥራ ልታበዛብን ነው» አለኝ።

እውነትም አበዛች። ስለ አዋላጅ ጠየቀች፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ጠየቀች። ዝናቡ ቀርቶ ድርቁ ሲበረታ ደግሞ፣ በሪፖርቱ ላይ መንደሯ ደረሰ ስለተባለው የውኃ ቦቴ ጠየቀች። ሰብሳቢው «ክብርት አባል፣ ጥያቄዎ ከአጀንዳው ውጭ ነው» ቢላት፣ «ቦቴውም ከመንገዱ ውጭ ነው የቀረው» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢው አልሳቀም።

ያ አጀንዳ የመጣው በዚሁ በድርቁ መካከል ነው። በመንደሯ ሊቆፈር ታቅዶ የነበረው ጥልቅ ጉድጓድ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ተጠየቀ። ኤዶ ቀደም ባለው አርብ ለሽማግሌዎቹ «ብቻዬን ብሆንም እቃወማለሁ» ብላ ቃል ገብታ ነበር። ይህን ለእኔም ነግራኛለች።

ሰዓቱ ወደ ምሳ ሄዷል። ሰብሳቢው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «የሚደግፍ?» አለ፤ አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። «የሚቃወም?» አለ፣ አሁንም ቀና ሳይል። ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከቡናማ ሻሽ ውስጥ፣ ሂና የነካው አንድ እጅ ወጣ። ከፊት የተቀመጡት ጀርባቸውን ሰጥተዋታል፤ ጎረቤቶቿ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነው። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለ ሰብሳቢው፤ ተጨበጨበ። ያን እጅ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፊት ለፊቴ ባለው ወረቀት ላይ ከትናንት ጀምሮ የተጻፈው ቃል ተቀምጧል፤ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። አልሰረዝሁም።

ለምን እንዳልሰረዝሁ ለራሴ ብዙ መልስ ሰጥቻለሁ። ሰብሳቢው አንዴ አውጇልና ምን ላድርግ ብያለሁ። በሰው አገር እንጀራዬን ላጣ ነው ብያለሁ። አንዱም መልስ ከራሴ አላስታረቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ጠበቀችኝ።

«እጄን አይተሻል?»

«አይቻለሁ ኤዶ።»

«ጽፈሻል?»

«አስተካክለዋለሁ።»

«ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ጊዜ ሲቀርብ ተነስቼ ልናገር? መብት አለኝ ይላሉ።»

«አያስፈልግም። እኔ አለሁልሽ።»

ይህን ስል ውሸቴን አልነበረም። በማግስቱ ወደ ኃላፊው ገባሁና አንድ የተቃውሞ ድምፅ እንዳመለጠን ነገርሁት። በቢሮው እመ ምኔት እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እሱም በዚያው ጀመረ።

«እመ ምኔት፣ ሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ብሏል። አጨብጭበናል። ጭብጨባውን ልትሰርዢው ነው?»

«እጁን ግን አይቻለሁ።»

«አንቺ የምታዪው በተቀመጥሽበት ወንበር ነው። ወንበሩ ከሌለ ምን ታያለሽ?» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ወሬውን አላነሳሁም። ለኤዶም አልተስተካከለም አላልኋትም። ነገ እላታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላታለሁ እያልሁ ሳምንቱ ወር ሆነ።

ጉባኤው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ቀርቧል። ማስተካከያ ያለው?» አለ። ኤዶ ከኋላ ረድፍ ሆና አየችኝ። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም፤ ጥያቄው ግን ግልጽ ነበር። እኔ አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ተስተካክሏል እንደማለት። «የሚደግፍ?» ሲባል እጇን ከሁሉ ጋር አነሳች። ያንን እጅ ግን ቆጠርሁት።

በዚያ ሰሞን ወሎ ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ስግደት አዘዙኝ። «ከስግደቱ በፊት ግን የወሰድሽውን መልሺ» አሉ። «አባቴ፣ የወሰድሁት የሰው እጅ ነው፤ እንዴት ይመለሳል?» ብላቸው፣ «የወሰደ ያውቃል» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከዚያም የውሳኔው ግልባጭ ወደ መንደሮቹ ወረደ። በመንደሯ ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈና የትምህርት ቤቱ መምህር ለሰዉ አነበበው፤ ጉድጓዱ በሙሉ ድምፅ ተዛውሯል፣ ቃለ ጉባኤውም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ኤዶ በዚያ አርብ ሄዳ ስትመለስ በሬን አንኳኳች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ወረቀቱ ሌላ ይላል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ለሃምሳ ዓመት ወተት ሸጫለሁ፤ ውኃ ጨመርሽበት ያለኝ የለም። አሁን አንድ ሽማግሌ፣ ልጅ ሆኜ በጀርባው ያዘለኝ፣ ሁለት ምላስ አለሽ አለኝ።» መሬቱን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች። «አባዮ፣ በሚቀጥለው አርብ አብረሽኝ ነይ። ያየሽውን ንገሪልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

እሄዳለሁ አልሁ። ሥራዬን ባጣም እናገራለሁ ብዬ በልቤ ቆረጥሁ። እስከ ቀብሪበያ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን። በመንገዱ ዳር ዳር የሞቱ ከብቶች ነበሩ፤ ወደ ቀብሪበያ የሚጓዙ ሰዎችም ጄሪካናቸውንና ፍየሎቻቸውን ይዘው ያልፉናል። ኤዶ አንዳንዶቹን በስም ትጠራለች። ያልመለሱላትም ነበሩ።

ሽማግሌዎቹ ከሶላት በኋላ ግራር ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ወተት በጣሳ መጣልኝ፤ ከየት እንዳገኙት እንጃ። ኤዶ ጣሳውን ተቀብላ «ዛሬ ጾሟ ነው» ብላ መለሰችው። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆና አርብ መሆኑን አልረሳችም።

ያ በጀርባው ያዘላት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረ። በዚህን ጊዜ ሶማሊኛውን እሰማለሁ፣ እናገራለሁም።

«የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እጇን አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ተቃውማለች።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እንግዲያ የጻፈውስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምላስሽ አንድ ይላል፣ እጅሽ ሌላ ጽፏል። የትኛውን እንመን?» አለና ሳይጠብቀኝ ወደ ኤዶ ዞረ። «ወረቀቱ ሲቀርብስ ዝም አልሽ ወይስ እጅሽን አነሳሽ?»

«አነሳሁ» አለች።

«ሐሰት መሆኑን እያወቅሽ?»

እዚህ ላይ መልሱ የእኔ ነበር። አትነሺ ያልኋት እኔ፣ አለሁልሽ ያልኋት እኔ፣ አንገቴን የነቀነቅሁት እኔ። ኤዶ ይህን አልተናገረችም። ሽማግሌው ፊቷን አይቶ የቀረ ነገር እንዳለ ገባው መሰለኝ፣ እንደገና ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ብለሻት ነበር?» አለኝ።

አፌን ከፈትሁ። ኤዶ ግን ቀደመችኝ።

«ማርቲ ናት» አለች። «እንግዳዬ ናት። አትጠይቋት። የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ልማዳቸው ነው። ልማዱን አፍርሼ፣ ሳልጠየቅ ተነስቼ መናገር እችል ነበር። ማንም አፌን አልያዘኝም። ተቀምጬ ቀረሁ፤ ልክ በዚያ ክረምት ከተቆለፈው በር ጀርባ እንደተቀመጥሁ። ያን ጊዜ ግን ከደጅ የቆመው የሌላ ሰው ጥፋት ነበር።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችኝ። «አቧራው ይብሳል፣ ዝጊው» ብቻ አለችኝ።

ከክፍሌ ውጪ አላለችኝም፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ ጾሜን ታስታውሳለች። ልብስ ሳጥብ ግን አጠገቤ አትቀመጥም፣ «የመጀመሪያው?» ብላም አትጠይቅም። አርብ ወደ መንደሯ መሄድ ተወች፤ ከመንደሩም ግማሹ ሰው ተሰዷል። በጉባኤ ላይ ስለ አዋላጅም ስለ ቦቴም አንስታ አታውቅም። በአባላት የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ላይ አንድ ቀን ሳትቀር የተገኘች፣ ሁሉንም አጀንዳ የደገፈች አባል እሷ ናት። ኃላፊው «አክስትሽ ለመደች» አለኝ፤ ደስ ብሎታል።

እኔም ተጽፎ የሚያድረውን ቃል ከረቂቁ ላይ አወጣሁት። አሁን በየአጀንዳው ሥር ባዶ መስመር ትቼ ነው የምገባው። ጠያቂ አልነበረም፤ ያስተዋለም የለም።

ባለፈው ጉባኤ ሰብሳቢው «የሚደግፍ...» ማለት ሲጀምር፣ ቃሉን ሳይጨርስ፣ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ እጅ ቀድሞ ተነሳ። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ። የሚቃወም አልነበረም፣ ድምፀ ተአቅቦም አልነበረም። በባዶው መስመር ላይ በእጄ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍሁ፤ እውነት ነበር። ሌሎቹ እጃቸውን አውርደው ወረቀታቸውን ይሰበስባሉ። ኤዶ ግን ዓይኗን ከእስክሪብቶዬ ላይ ሳትነቅል፣ ጽፌ እስክጨርስ ድረስ እጇን አላወረደችም።